የግሪትያ ቀለም

— ሄሎ፣ ሲብራንድ ነኝ… ማን?… ኔልካ? ጮክ በይ ልጄ፣ ነፋሱ ድምፅሽን እየበላው ነው… እ፣ አሁን ሰማሁሽ። የት ነሽ?… እስካሁን ማሳው ላይ? እኔ እኮ ጨርሰሽ ወደ ቤት የተመለስሽ መስሎኝ ነበር።

— ደርሶኛል፣ ደርሶኛል። ስድስቱም ፎቶ ደርሶኛል። ይኸው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እያየኋቸው ነው… ንጹህ ናቸው… ንጹህ ናቸው አልኩሽ! ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ምንም የለባቸውም።

— የምን ሰረዝ?… ነጭ ሰረዝ? የቱ ላይ?… ሦስተኛው ላይ… ቆይ መነጽሬን ላድርግ… አይታየኝም… አራተኛውም ላይ የለም። ኔልካ፣ ስሚኝ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ከጤነኛው መሀል የታመመ ቱሊፕ ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ቫይረስ ገብቶባት ነጭ ሰረዝ ያወጣችን አበባ በሩቁ ነው የማውቃት። ለመሆኑ ጃንጥላውን ዘርግተሻል?… ጥቁሩን?… እንግዲያው በደንብ አላጠላሽባትም። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍባት ዓይን ይሸወዳል፣ ስንቴ ነው የምነግርሽ? ጎንበስ በይና እንደገና እያት።

— ምንም አይደለም ግሪትያ፣ ልጅሽ ናት… ስለ አበባሽ ነዋ፣ ስለ ምን ትደውላለች? ሂጂ ሾርባሽን አማስይ፣ እንዳያርርብሽ።

— ሄሎ፣ አለሁ። እናትሽ ናት። ምን ሆነ እያለች በሩ ላይ ቆማለች… አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ ልንገራት? የሌለ ነገር? በይ ፍጠኚ፤ የአበባ ጤና ተቆጣጣሪው ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀረንም። ዛሬ እሱ ካላሳለፋት የቅዳሜው የአበባዋ ክርስትና ቀረ ማለት ነው። አገር ምድሩ ተጠርቷል። ሻምፓኙ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እናትሽ ጠርሙሱን ይዛ አበባዋ ላይ ልታፈስ፣ የራሷን ስም ልትሰጣት፣ ንግግሯን መስታወት ፊት እየተለማመደች ነው። አሥራ ስምንት ዓመት፣ ኔልካ! ዘሯን ስዘራ አንቺ ገና ጥርስሽን እየቀየርሽ ነበር። ከአንዲት ፍሬ ተነስታ ዛሬ አራት መደብ ሙሉ ሆነችልኝ። አሁን በመጨረሻዋ ሰዓት ሰረዝ አየሁ ትይኛለሽ?

— እየጮህኩ አይደለም… እሺ፣ እየጮህኩ ነው።

— ስክሪኑ? ስክሪኑ ምን ሆነ?… አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እና? እኔ ሰባ አንድ ነኝ፣ እስካሁን አልጣላችሁኝም… አትሳቂ… እሺ እሺ። ምን ላድርግ?… መስታወቱን ልወልውል። በምን?… በእጅጌዬ ወለወልኩት። አቧራ ነበረበት፣ እውነትሽን ነው። ፎቶው ግን ያው ነው።

— የማታ ብርሃን የሚለውን… ቆይ፣ የት ጋ ነው?… አገኘሁት። ጠፍቷል። አልነካሁትም፣ ድሮም ጠፍቶ ነው ያለው። ሌላስ?… ገመዱን? በዚህ ዳሌዬ ጠረጴዛ ሥር ልግባ? ግሪትያ! ነይ እስቲ። ከስክሪኑ ጀርባ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ገመድ አለ፣ እሱን ወደ ውስጥ ጫን አድርጊልኝ… እሱ የመብራቱ ነው፣ እሱን ተይው… አዎ፣ ይሄኛው… ጫነችው። ብልጭ አለና ተመለሰ። ያው ነው፣ ኔልካ። ሮዝ ነው፣ ሰረዝ የለውም።

— ነጭ ወረቀት ለምን?… አጠገቡ ላቁመው? እሺ። ግሪትያ፣ ከማተሚያው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አቀብይኝ… ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ከፈትኩ፣ ወረቀቱንም አጠገቡ አቆምኩት… ምን ይመስላል? ወረቀቱ ቢጫ ይመስላል። ስክሪኑ ነው ነጩ። እንዲያውም ሰማያዊ የነካው ነጭ ነው፣ ዓይን ይወጋል… ታዲያ ጥሩ አይደል?… እንዴት ጥሩ አይደለም? ደማቅ ነው እኮ!

— ግሪትያ፣ አሁን የኮት ወሬ አታምጪብኝ… ኋላ አልኩሽ!… ምን?… ምንም አይደለም ኔልካ፣ እናትሽ ስለዚያ ኮት ነው የምታወራው። ለክርስትናው ያዘዘችው ነዋ። ከአበባዋ ቀለም ጋር አንድ እንዲሆን ብላ እዚሁ ስክሪን ላይ፣ የአበባዋን ፎቶ ጎን ለጎን ከፍታ የመረጠችው። ሲመጣ እንደዚህ ደመቅ ብሎ፣ ሌላ ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ። ሱቁን አጭበርባሪ ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ። እንዲያውም መልስ አልሰጡኝም፣ ሌቦች።

— ሄሎ?… ትሰሚኛለሽ?… ምን አልሽ?

— የሱቁን ፎቶ ልክፈት? አሁን? ተቆጣጣሪ እየመጣ?… እሺ፣ እሺ፣ ከፈትኩት። ኮቱ ይኸውና። ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ልክ እንደ አበባችን። ግሪትያ፣ ኮቱን አምጪው… ለብሳዋለች እኮ፣ ለካ ለብሳው ነው የቆመችው… ወደዚህ ጠጋ በይ። ክንድሽን እዚህ ስክሪኑ አጠገብ አድርጊ። እንደሱ… በፍጹም አይገናኝም። የእሷ የበሰለ እንጆሪ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ወተት የተጨመረበት ነው። አልነገርኩሽም? ሌላ ኮት ነው የላኩት።

— አንገትጌው ጋ? አንገትጌው ጋ ምን አለ?… አዎ፣ እናትሽ የለበሰችው ላይ አለ። ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ጥልፍ ዞሮበታል… ስክሪኑ ላይ ደግሞ…

— ቆይ።

— ስክሪኑ ላይ የለም… አጎላሁት። የለም። ልሙጥ ሮዝ ነው… ምን? ያንቺ ስልክ ላይ ይታያል?… ያው ፎቶ? የሱቁ?… ነጩ ጥልፍ ይታይሻል።

— … አለሁ። አለሁ፣ አልዘጋሁም። መነጽሬን እያጸዳሁ ነው።

— የስክሪኑን ቀለም ማን ነካው ትያለሽ። እኔ ነኛ። ማን ይሆናል?… ዳሌዬን ያስቀየርኩ ጊዜ ነዋ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ማሳ መውረድ አቅቶኝ አንቺ ፎቶ መላክ ስትጀምሪ ስክሪኑ ደብዝዞብኝ፣ ቢጫ ሆኖብኝ ነበር። ከታች ያሉትን ቁልፎች እየነካካሁ ብርሃኑንም፣ ኮንትራስት የሚለውንም እስከ ጥግ ወሰድኩት። ሰማያዊውን ጨመርኩበት። ወለል አለልኝ። እናትሽን ጠርቼ «ይኸው እንደ አዲስ ሆነ» ብዬ ኮራሁባት… አዎ። ፈዛዛውን ሁሉ አንድ ላይ አንጥቶት ኖሯል… ገባኝ ኔልካ፣ ገባኝ። ደጋግመሽ አታስረጂኝ።

— እሺ። ቁልፎቹን አገኘኋቸው። መጀመሪያ የመሀለኛውን… ዝርዝር መጣ። ወደ ታች… ቀለም… ድምፅ… ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልስ የሚል አለ። እሱ ነው?… «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። አዎና አይደለም።

— እየተጫንኩ ነው… አልተጫንኩም ገና። ቆይ እንጂ! አንቺ እዚያ ቆመሽ ማዘዝ ቀላል ነው… ምን እንደፈራሁማ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ከተጫንኩ በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም።

— ተጫንኩት።

— ጨለመ… መጣ። ቢጫ ነው፣ ደብዛዛ ነው፣ አስጠሊታ ነው። ወረቀቱና ስክሪኑ ግን ተቀራረቡ። ኮቱ… ግሪትያ፣ ትንሽ ጠጋ… ኮቱ እንጆሪ ሆነ። ጥልፉም ወጣ። ይኸው ዙሪያውን።

— ሦስተኛውን ፎቶ እየከፈትኩ ነው። አትናገሪ እስቲ። አንድ ደቂቃ ዝም በይ።

— አለባት።

— ከጫፏ ጀምሮ ወደ ታች፣ በጥፍር የተጫረ ይመስላል። አራተኛዋም አለባት… አምስተኛዋ ቅጠሏ ላይ ሳይቀር አለባት። አንቺ ልክ ነበርሽ… ቆይ፣ የአምናውን ልክፈት… ለምን አልከፍትም? ያን ቀን «አባዬ፣ ይቺን አንዴ እይልኝ፣ ጠረጠርኳት» ያልሽኝን። የፋሲካ ማግስት አይደል? እኔ ሳንድዊቼን እየገመጥኩ ንጹህ ናት አልኩሽ…

— አለባት። አምናም አለባት።

— አንቺ አይተሽው ነበር። ታዲያ ለምን አልተከራከርሽኝም?… «ዓይኑ ያንተ ነው፣ አንተ ካልክ አለቀ።» አዎ። ማን ነው እንደዚያ እንድትዪ ያስተማረሽ? እኔው ነኝ። ኔልካ፣ ልጄ፣ አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩሽ። እዚህ ወንበር ላይ ተጎልቼ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመችውን ሁሉ ጤነኛ ናት ስልሽ ከረምኩ… አታጽናኚኝ፣ ስንት እንደሆነች ንገሪኝ። ቆጥረሻል?… ከአሥር አንዷ… በአንድ መደብ?… በአራቱም። አራተኛውንስ ጫፉ ድረስ ሄድሽ? ቦዩ ጋ?… እዚያም።

— አይሆንም… ምን ማለት ነው የሚታዩትን ብቻ? ሰውዬው ሳይመጣ የታመሙትን ለቅመሽ ልታሳልፊያት ነው? ስሚ፤ ከአሥር አንዷ ከታየችሽ ሌሎቹ ውስጥ ተደብቆ ዘንድሮ ያላሳየ ስንት አለ? ሥሯ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ደግሞ ከቦዩ ማዶ የጎረቤታችን የቮውተር ማሳ ነው። ክሽክሹ፣ ያ በሽታ አስተላላፊ የቅጠል ተባይ፣ ከእኛዋ ጠጥቶ በርሮ እሱ ላይ ያርፋል፤ ምናልባት አርፎም ይሆናል። ዛሬ ማታ ደውዬ እነግረዋለሁ… አዎ እኔው ራሴ፣ አንቺ አይደለሽም። ተቆጣጣሪውም ሲመጣ ፈልጎ አያገኝም፣ እኛው እንነግረዋለን።

— ሁሉንም ማጥፋት ነው… ሁሉንም አልኩሽ፣ አራቱንም መደብ። አንዷንም አታስቀሪ… በአበባ ሸክላ? ቤት ውስጥ? ኔልካ፣ እኔስ ሳልመኝ ቀርቼ ነው? አንዷን አስቀርተን ነገ ከሷ ሁሉም እንዲጀምር? አይሆንም የኔ ልጅ… አታልቅሺ። ካለቀስሽ እኔም አልችልም።

— እናትሽ?… እዚሁ ከኋላዬ ቆማለች። እያየች ነው… አልነገርኳትም፣ ስክሪኑ ነገራት። እንዳትዘጊው፣ አንቺም መስመሩ ላይ ሁኚልኝ።

— ግሪትያ… ተቀመጪ እስቲ… እንደዚያ ነው። አዎ… ሁሉም። አንዷም አትተርፍም። ስምሽን ልሰጣት ነበር፣ እኔ ራሴ ገደልኳት… ተሳደቢ እንጂ፣ ምነው?…

— ምን አልሽ?… ሄሎ ኔልካ፣ እናትሽ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «እንግዲያው ኮቱ ልክ ነበር፤ ለሱቁ ይቅርታ ጻፍላቸው» ነው ያለችው። ወደ ጓዳ ገባች።

— ፍሪጁን ከፈተች… ግሪትያ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሾርባው ምድጃ ላይ ነው!… አጠፋሁት ትለኛለች። ኔልካ፣ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ሻምፓኙን። ቦት ጫማዋን እያጠለቀች ነው… ወዴት ነው?… ምን?…

— ስም ሳይወጣላት አትሞትም ነው የምትለው። ቅዳሜን አልጠብቅም፣ አሁን ነው ትላለች… እኔ ምን ልበል? ግትርነቷን ታውቂዋለሽ። በዚያ ኮት፣ በዚህ ጭቃ… ሄሎ?… አዎ፣ ቆመሽ ጠብቂያት። አበባ የምናደርቅበትን የመድኃኒት ብትር እንዳትነኪው። የምታምረዋን፣ ሰረዝ ያልታየባትን አንዷን ፈልጊላትና ጃንጥላውን ዘርግተሽ ቆዪ። እሷ አፍስሳ፣ ስሟን ጠርታ ትጨርስ። ከዚያ በኋላ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ።

— እኔ?… በመስኮት አያታለሁ… በመስኮት ያው የአጥሩ ጫፍ ነው የሚታየው፣ እውነትሽን ነው… ሁለት ዓመት አልወረድኩም እኮ ኔልካ። ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም፣ እንደ ሕፃን ተደግፌ ስንፏቀቅ። እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ግን ያው ጌታ ነበርኩ… ይሄን ስክሪን አምኜ።

— ግሪትያ! ግሪትያ፣ ጠብቂኝ!… ቆማለች፣ በሩን ይዛልኛለች።

— እየመጣሁ ነው። በዓይኔ ላያት። እስክንደርስ እንዳትጀምሪ… ቀስ ብዬ ነው የምመጣው፣ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅብኝ ይችላል፤ ሰውዬው ቀድሞኝ ከደረሰም ይጠብቅ… በይ፣ ስልኩን ልዘጋው ነው። ክራንቹ ሁለት እጅ ይፈልጋል።