ወንድሜ ያላየው ፊልም

የምስክር መጠሪያ፦ በሰፈሩ «እትዬ ልኬ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የሴቶች ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10
ጉዳዩ፦ ከመድኃኒት መጋዘን ስለተፈጸመ ስርቆት፤ ቀደም ሲል የተሰጠ ቃልን ስለ ማረም

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ነው። ባለፈው ሰኞ የካቲት 10 ቀን መርማሪው ወደ ስፌት ቤቴ መጥተው በጠየቁኝ ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከእኔ ጋር ቤቴ ውስጥ ፊልም ሲያይ እንደነበር ተናግሬ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑንም እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁትና ዛሬ ለምን እንደማፈርሰው እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ወንድሜን በአሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበር ከእጄ ጎርሶ ያደገ ነው። በዚያን ጊዜ ሲኒማ ቤት ውስጥ የመቀመጫ ልብስ እየጠገንኩ ስለምሠራ ፊልሞቹን በነጻ አይ ነበር፤ እሱ ግን ልጅ ነው ተብሎ አይገባም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያየሁትን ቁጭ ብዬ እተርክለታለሁ። የሚያሳዝን ነገር ሲሆን መጨረሻውን እለውጠው ነበር። በፊልሙ የሚሞተውን ሰው እኔ አድነዋለሁ። ካደገም በኋላ «እኔ ከማየው ያንቺ አፍ ይሻለኛል» ይለኝ ነበር።

ከአራት ወር በፊት ወንድሜ የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚቀዳ ሣጥን ገዝቶ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ቀድሞ ደንበኛ ሲገባ የምከታተለው ድራማ ያመልጠኝ ነበር። ድራማውን አንድ ጊዜ ካስያዝኩት በየሳምንቱ ራሱ እንደሚቀዳው፣ የቀጥታውን ሥርጭት አቁሜ በኋላ ካቆምኩበት መቀጠል እንደምችል፣ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚዘለል፣ ሣጥኑ ሲሞላ የቱን ማጥፋት እንዳለብኝ አንድ በአንድ አሳየኝ። እንዳልረሳም በመቆጣጠሪያው ቁልፎች ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቄ ቀይና ቢጫ እየቆረጠ ለጠፈልኝ። በዚያው ሣጥን ከኢንተርኔት ፊልም ተከራይቶ ማየት ይቻላል። እሱ በስልኩ ይከራያል፣ በእኔ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ በሁለት ቀን ውስጥ ካልታየ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለታችን የፊልም ቀን ሆነ። ለጎረቤት ሁሉ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያልኩ አወራሁ።

የካቲት 8 ቀን ከቀኑ 8፡10 ሲሆን መጣ። ስለ አንድ ጀልባ ሠሪና ጥላው ስለሄደች ልጁ የሚናገር ፊልም ተከራይቶ 8፡20 ላይ ከፈተው። ረጅም ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቀመጥ ተነሣና «እትዬ፣ ደርሼ መጣሁ። ፊልሙን እንዳታቆሚው፣ ካቆምሽው አልከፍት ይልሻል» ብሎኝ ወጣ። እኔም እየሰፋሁ ብቻዬን ማየት ቀጠልኩ። 10 ሰዓት ላይ ድራማዬን ለመቅዳት የሣጥኑ ቀይ መብራት ሲበራ አስታውሳለሁ፤ ወንድሜ አልተመለሰም ነበር።

10፡25 ገደማ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። አታቁሚ ስለተባልኩ ፊልሙን እንደተከፈተ ትቼ መስታወት ወዳለበት የውስጥ ክፍል አስገባኋት። ወገቡ ጠቦባት ስለነበር ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን። ስወጣ ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሌላ ፊልም ምረጡ ይላል። በዚህ ምክንያት መጨረሻውን እኔም አላየሁትም።

ወንድሜ የተመለሰው 11፡20 ላይ ነው። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ረጥቧል። እጁን ብዙ ጊዜ ወስዶ ታጠበ። ከዚያ ከጎኔ ተቀምጦ «በይ እስቲ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። ጀልባው ምን መልክ ነበረው፣ ልጅቷ ስትሄድ ምን ለብሳ ነበር፣ አባትየው ምን አላት እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። እንዲያ ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ልጅነቱ ተመለሰልኝ ብዬ አሰብኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ አላየሁትም ብዬ ላሳዝነው አልፈለግሁምና ከራሴ ፈጠርኩለት። ልጅቷ ተመለሰች፣ ጀልባውን አረንጓዴ ቀብተው በእናቷ ስም ጠሩት፣ አባትየውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ አልኩት። እሱም ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ ሁለት ጊዜ ደገመው።

12 ሰዓት ላይ ሊሄድ ሲል በሩን ይዞ ቆመና፣ ከአንዲት ሴት ጋር እንደነበር፣ እጮኛው ከሰማች ጉዱ እንደሚፈላ፣ ማንም ቢጠይቀኝ እስከ መጨረሻው አብረን አየን እንድል ለመነኝ። ተቆጣሁት፤ ግን እሺ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ደውሎ፣ በሚሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ዕቃ ስለጠፋ ፖሊስ ሁሉንም ሠራተኛ እየጠየቀ መሆኑንና ያንኑ እንድደግም ነገረኝ። ስለዚህ መርማሪው በመጡ ጊዜ የዋሸሁት የወንድሜን ገመና የሸፈንኩ መስሎኝ ነው።

የጠፋው ግን የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒት መሆኑን፣ የመጋዘኑ በር ቅዳሜ ከሰዓት ሳይሰበር በቁልፍ መከፈቱን፣ ቁልፉም ያለው በወንድሜና በዘበኛው እጅ ብቻ መሆኑን የሰማሁት በማግስቱ ዘበኛው ሲታሰሩ ነው። ዘበኛውን «ጋሽ ዝምታ» ነው የምንላቸው። ለወንድሜ ምሳ ይዤ ስሄድ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወንበራቸውን የሚለቁልኝ ሰው ናቸው።

ረቡዕ የካቲት 12 ቀን ወደዚህ ጣቢያ ተጠርቼ መርማሪው የወንድሜን ቃል ከእኔ ቃል ጋር ለማመሳከር አነበቡልኝ። ፊልሙ ከ8፡20 እስከ 11 ሰዓት ሳይቋረጥ መታየቱን አከራዩ ድርጅት እንዳረጋገጠም ነገሩኝ። ከዚያ ወንድሜ የፊልሙን ታሪክ የተናገረበትን ሲያነቡ «ልጅቷ ተመለሰች፣ ጀልባውን አረንጓዴ ቀብተው በእናቷ ስም ጠሩት፣ አባትየውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ» የሚለውን ሰማሁ። ቃል በቃል የእኔው ነበር። ያን ቀን አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ ሲያዳምጠኝ የነበረው ለእኔ ብሎ እንዳልሆነ ገባኝ። ሆኖም ቃሌን ሳላርም ወጣሁ። ምናልባት ፊልሙ በእውነት እንደዚያ ያልቅ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጋሽ ዝምታ ባለቤት ሁለት ሱሪ በፌስታል ይዘው ስፌት ቤቴ መጡ። «እህቴ፣ እዚያ ቀበቶ አያስገቡም፤ እሱ ደግሞ ምግብ እምቢ ብሎ ከስቷል። ወገቡን አጥብቢልኝ» አሉኝ። ልኩን ስጠይቃቸው በሁለት እጃቸው አየር ላይ ክብ ሠርተው አሳዩኝ። የማን እህት መሆኔን ያውቃሉ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት ያንኑ ፊልም በራሴ ስልክ ተከራየሁ። ብቻዬን ስከራይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እየዘለልኩ ሄጄ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት አየሁ። ልጅቷ አልተመለሰችም። ሰውየው ጀልባውን በመጋዝ ቆራርጦ ማገዶ አደረገው። አረንጓዴ ቀለም የሚባል የለም።

በዚያው ቀን ከቀኑ 6፡30 ላይ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ወንድሜ ዕቃ በሚወርድበት ግቢ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። «የጀልባው መጨረሻ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ቀቡት» አለኝ እየሳቀ።

«እኔ የፈጠርኩት ነው። ፊልሙ ውስጥ የለም» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አለኝ። መድኃኒቱን አንተ ነህ ወይ የወሰድከው ስለው አልካደኝም፤ ከእጄ ወጥቷል ብቻ አለ። ለማን እንደሰጠው አልነገረኝም። ጋሽ ዝምታስ ብዬ ስጠይቀው «እሱ ሽማግሌ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ወር ታስሮ ይፈታል። እኔ ገና ኑሮ ልጀምር ነው። እትዬ፣ አንቺ እኮ እናቴ ነሽ» አለኝ።

ሳሳድገው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እናቴ ብሎኝ አያውቅም። እንዲለኝ እመኝ ነበር። ሲለኝ ግን እንደ ስድብ ተሰማኝ። ወጥቼ ሄድኩ። እሱም ከኋላዬ ተነሥቶ አልተከተለኝም፤ ዝም እንደምልለት እርግጠኛ ነበር።

በሐሰት መስክሬ በመፈረሜ እኔም ልጠየቅ እንደምችል መርማሪው አስቀድመው ነግረውኛል፤ ተረድቼዋለሁ። ጋሽ ዝምታ በእኔ ቃል ምክንያት የታሰሩ ስለሆነ በእኔ ቃል እንዲፈቱ እጠይቃለሁ። በወንድሜ ላይ ጥላቻ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ሲፈለግ ችሎት ቀርቤ ይህንኑ ፊት ለፊቱ እናገራለሁ።

ቃሌን ሰጥቼ ስጨርስ ብቻዬን መምጣቴን አይተው፣ ወደ ቤት የሚያደርሰኝ የቅርብ ዘመድ እንዲጠራልኝ መርማሪው ስም ጠየቁኝ። ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ እንደሆነ ተናግሬያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ እኔ ያልኩት ነው፤ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፣ እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ ____________