ኦቦ ቦሩና ፊት ለፊት የቆሙት ልጆች

ኦቦ ቦሩ ያን እሑድ ሱሉልታ የሄዱት ለኳስ አልነበረም፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነበር። ከድንኳኑ ወጥተው ታክሲ ወደሚያዝበት ጎዳና ሲወርዱ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የኳስ ድምፅ ሰሙ። የኳስ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ ደግሞ የማይሆንላቸው ነገር ነው። ሰበታ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆነው አርጅተዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም የከተማዋን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ያለ ደመወዝ ያሠለጥናሉ። ስለዚህ አጥሩን ተደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ።

ሜዳው ላይ ልጃገረዶች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ኳስ ይቀባበላሉ። በመካከላቸው የምትመላለሰውን ወጣት ወዲያው አወቋት። ዱርሲቱ ናት፤ እሳቸው ያስተማሯት፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብታ የስፖርት ሳይንስ ያጠናችው፣ አምና የሱሉልታን ቡድን ይዛ የሰበታን ያሸነፈችው። እሷን ማየት ብቻውን አልተዋጠላቸውም። ዓይናቸው ትንሽ ዘለቅ ሲል ግን የባሰ አየ። ከዳር ከቆሙት ጥንዶች አንዷ ሊቤ ናት፤ የገዛ ቡድናቸው መቺ፣ ኳስ ከመረብ በላይ ስታወርድ ሰበታ በአንድ አፍ የምትጮህላት ሊቤ።

ሰው ቅናትን የባልና የሚስት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። አስተማሪም በተማሪው ይቀናል፤ ያውም አምርሮ፣ ቅናቱን የሚያጫውተው ሰው ስለሌለው። ኦቦ ቦሩ የብረቱን በር ገፍተው ገቡ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቦሩ!» አለች ዱርሲቱ፣ ሮጣ መጥታ እጃቸውን በሁለት እጇ እየጨበጠች። «ምን እግር ጣለዎት?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ» አሉ በደረቁ። «ምነው ልጄ፣ ሰርግ አለ እንዴ? ሁሉም ሚዜውን ይዞ ቆሟል።»

ልጆቹ ሳቁ። ዱርሲቱም ፈገግ አለች። «ማሟሟቂያችን ነው፣ ጋሼ።»

«ማሟሟቂያማ ሜዳውን ዞሮ፣ ተሰልፎ፣ መረብ ላይ መምታት ነው። አንቺንም ያሳደግሁሽ በዚያው ነው። ከፋሽ?»

«ኧረ አልከፋኝም። እጄ ላይ ያለው ጉልበት የአንቱ ነው። ግን ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈው አንዷ ስትመታ፣ የቀሩት ምን ይሠራሉ?»

«ተራቸውን ይጠብቃሉ። ትዕግሥት ይማራሉ።»

«ትዕግሥቱስ መልካም ነበር። የሱሉልታ ነፋስ ግን ትዕግሥት አያውቅም። ሮጣ ያሞቀችውን ገላ ተራዋ ሳይደርስ ያቀዘቅዝባታል። ከዚያ ተኮማትራ ትዘላለች። አምና አንዷ ልጅ ትከሻዋን የታመመችብኝ እንዲህ ተሰልፋ ቆይታ ነው።»

«እሺ፣ ብርዱ ይሁንልሽ። ያልበሰለች ልጅ እንደ እሷው ካልበሰለች ጓደኛዋ ምን ትማራለች? እኔ ዘንድ ኳስ የሚወጣው ከመምህር እጅ ነው። መረቡ አጠገብ ቆሜ፣ ከፍታውን መጥኜ፣ ለእያንዳንዷ ልክ እጇ ላይ አኖርላታለሁ። ያንቺዎቹ ግን ይኸው፣ አንዷ ወደ ሰማይ ትልካለች፣ ሌላዋ ወደ አጥር። ጠማማ ኳስ ጠማማ ልጅ ነው የሚያወጣው።»

ዱርሲቱ ለመመለስ አመነታች። አክብሮቷ የልብ ነው፤ የምትናገረውም እንደሚያማቸው አውቃለች።

«ጋሼ፣ በውድድር ቀን ኳሱን የሚያቀብሏት አንቱ አይደሉም» አለች ዝግ ብላ። «ጓደኛዋ ናት። ያውም ደክሟት፣ ተደናግጣ፣ አጣማ ነው የምትሰጣት። ጠማማውን ማቅናት እዚህ ካልለመደች የት ትለምደዋለች?»

ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው የወጋቸው። ኦቦ ቦሩ ዘመናቸውን መረብ አጠገብ የጨረሱት ኳስ ሁሉ በእጃቸው ስለሚያልፍ ነበር። እዚህ ግን ኳሱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ መምህር አልፈለገም። በሰው ብቻ ሳይሆን በኳሱም ቀኑ።

«ለጥንዱ ሁሉ የሚሆን ኳስስ ከየት ይመጣል?» አሉ፣ ሌላ መከራከሪያ ሲያጡ።

«አንቱ ጋ የለም?»

«አለ። ለውድድር ብዬ ቆልፌበታለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተቆልፎበት የወለደ ኳስ እስካሁን አላየሁም።»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ቦሩ እልኽ ይዟቸው ወደ ሊቤ ዞሩ። «አንቺስ? በምን አባበለችሽ?»

ሊቤ ኳሷን እንዳቀፈች ቀረበች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «አክስቴ እዚህ ናት። ሰንበት ሰንበት ስመጣ... ልነግርዎት ነበር፣ ጋሼ። ከመጪው ወር ጀምሮ ከእነሱ ጋር ልጫወት እያልኩ ነው።»

«ምን ጎደለሽ? ከሁሉም አብልጬ ኳስ የሰጠሁት ላንቺ አይደለም?»

«እንድመታ ነው የሰጡኝ። መቀበል አልችልም። በውድድሩ የቡራዮ ቡድን ልጆች ሰርቪሱን ሁሉ እኔ ላይ ሲያወርዱት አንቱም አይተዋል። እዚያው ሰው ፊት ‹ሰነፍ!› አሉኝ።»

ብለዋታል። ሊክዱት አይችሉም።

ዱርሲቱ ነገሩ ሳይበላሽ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ክርክሩን እንተወውና ከእሷ ጋር ጥንድ ሆነው ይቁሙ። ካልጠቀመ እኔው ራሴ ሊቤን ሰበታ ድረስ መልሼ አመጣልዎታለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ኦቦ ቦሩ የለቅሶ ነጠላቸውን ለአንዷ ልጅ ሰጥተው ከሊቤ ፊት ለፊት ቆሙ። መጀመሪያ የላኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመምህር ኳስ አልነበረም። ቅናት የመታው ኳስ ነበር፤ ጠንካራና ዝቅ ያለ። ሊቤ ፊቷን አዞረች፤ ኳሱ ክንዷን ገጭቶ ወደ ጎን ሄደ። ደገሙት። አሁንም ፊቷን አዞረች። ከዚያ ኦቦ ቦሩ ኳሱን ይዘው ቆሙ።

«ሊቤ፣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ድሮም። ልጅ ሆኜ ኳስ ፊቴን መትቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ አይነገርም?»

«መቼ ልንገርዎት? ወርውረው ‹ቀጣይ!› ነው የሚሉት። ከኋላዬ ደግሞ ወረፋ አለ።»

ሽማግሌው መረቡ አጠገብ ሲቆሙ የሚያዩት ጎኗንና የምትመታበትን እጇን ነበር። ፊቷን ለማየት ፊት ለፊቷ መቆም ያስፈልግ ነበር፤ ቆመው አያውቁም። ሰነፍ ያሏት ልጅ ፈርታ ኖሯል፤ ፍርሃት ደግሞ በስድብ አይድንም።

«ምን ላድርግላት?» አሉ ወደ ዱርሲቱ ዞረው። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸውም ደነገጡ። ተማሪያቸውን ጠይቀው አያውቁም ነበር።

«ቀርበው ይወርውሩላት፤ መጀመሪያ በእጇ ትያዘው እንጂ አትምታው። ዓይኗ ሲለምድ በክንዷ ትመልስልዎት፤ ከዚያ በጣቶቿ ከፍ ታድርገው። በቀስታ የሚመቱላት መጨረሻ ላይ ነው። ኳሱ ከወደቀ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁለታችሁም ነው። እሷ የምትመልስልዎት የሰጧትን ያህል ነው።»

እንደተነገራቸው አደረጉ። ወረወሩ፣ ያዘች። ወረወሩ፣ ያዘች። ትንሽ ራቁ። ጸሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ሊቤ የመጣላትን ኳስ በክንዷ መልሳ ድንገት ጮኸች።

«አየሁት፣ ጋሼ! ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩት!»

ሲሰናበቱ ተመለሺ አላሏትም። ማለት ግን ፈልገው ነበር። «ማክሰኞ የቆለፍኩበትን የኳስ መጋዘን እከፍታለሁ» ብቻ አሉና ነጠላቸውን ደርበው ሄዱ።

ማክሰኞ ሰበታ ላይ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተሰልፈው የመምህራቸውን እጅ ሲጠብቁ፣ ኦቦ ቦሩ ኳሶቹን አከፋፍለው ጥንድ ጥንድ አድርገው አቆሟቸው። ሊቤም መጣች፤ ወደ ሱሉልታ ቡድን መሄዱንም ተወችው። መጀመሪያ ሰሞን ኦቦ ቦሩ ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ቸገራቸው፤ ልጆቹ እየተሳሳቁ ሲቀባበሉ ያ የሚያውቁት ቅናት ይመለስባቸው ነበር። ቆይቶ ግን እጅ ሥራ ሲፈታ ዓይን ሥራ እንደሚያገኝ ተረዱ። አቀባይዋ ጁማና ጉልበቷን ሳታጥፍ እንደምትቆም ያዩት ያኔ ነው። ልጆቹም ተጠቀሙ። ገላቸው ወረፋ ሳይጠብቅ ሞቀ፤ ትከሻዬን የምትል አነሰች፤ በአንድ ቀን የሚነኩት ኳስ ድሮ በሳምንት ከሚነኩት በለጠ። ጥንዱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ጎበዟ ደካማዋን መናቅ ትታ ማገዝ ለመደች፤ የእሷም ኳስ የሚያምረው ያኔ ነውና።

በዓመቱ ውድድር ቡራዮዎች የድሮ ዘዴያቸውን አልረሱም። የመጀመሪያውን ሰርቪስ ቀጥ አድርገው ወደ ሊቤ ላኩት። ሊቤ ዝቅ አለች። ኳሱ ክንዷ ላይ አርፎ ተነሣ፤ ትንሽ ቢጣመምም ጁማና ሮጣ ደርሳ አቀናችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በእረፍቱ ላይ የቡራዮው አሠልጣኝ ባርናባስ ላቡን እየጠረገ ወደ ኦቦ ቦሩ መጣ።

«ኦቦ ቦሩ፣ ኧረ ይቺን ልጅ ማን አስተካከላት? አምና እኮ እንጀራችን ነበረች!»

«እኔ» የምትል ቃል ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣች። ቢሉም ፍጹም ሐሰት አይሆንም ነበር። ከተመልካቹ መካከል ዱርሲቱ ተቀምጣለች፤ ሊቤን እያየች ታጨበጭባለች። ኦቦ ቦሩ አዩአት።

«የሱሉልታዋ ዱርሲቱ ናት» አሉ። ቃሉ እንደ ሬት መረራቸው። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ቁጥሯን ያዝ። ደውልላት፣ ላንተም ታሳይሃለች።»

ባርናባስ እንዳይሳሳትም ቁጥሩን ደግመው አነበቡለት።