ጎርፍን በቁም ማውረስ

በጎሮ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር አድርጌ ውሃው ቀጥኖ ሲወርድ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ድንጋይ ላይ የጎረቤቴ የታክሲ ሹፌሩ የሃይደር አባት ተቀምጠዋል። አቶ ኢሳ ይባላሉ፤ ለሕክምና ከቆቦ የመጡ ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ታክሞ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

«ይህችን ክር ነው ውሃ የምትሏት?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ሳልመልስ የልጅ ልጃቸው፣ የሃይደር ልጅ ሸምሲያ ስልክ ይዛ ደረሰች። እርሻ ነው የምታጠናው።

«አባባ፣ አክስቴ ሀጀር ደውላ ነበር። ተራራው ጠቁሯል፤ ጎርፉ ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም። ምን ላድርግ ትላለች።»

«እኔ እስክመለስ ትቆይ።»

«እሷስ ትቆይ፤ ጎርፉ ይቆያል?»

«አንቺ ልጅ! የተማረው ምላስሽ ነው።»

በአገራቸው ዝናብ አይበረክትም። የተራራውን ጎርፍ በቦይ ጠልፈው ማሳቸውን ያጠጣሉ። ካመለጣቸው የዓመት ማሽላ አመለጠ፤ ያለጊዜው ካስገቡት አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ጊዜውን የሚያውቁት ደግሞ አቶ ኢሳ ብቻ ናቸው። አባት ቆሞ እየሄደ ስለ ውርስ ማንሳት ሞቱን መጥራት ነው ይባላልና፣ ለማንም አልነገሩም።

«ሃይደርን ስጠብቅ ኖርኩ» አሉ። «ወንዱ እሱ ነው። ሀጀር አግብታለች፤ የሰው ናት።»

«አባቴ የታክሲ መሪ እንጂ ሞፈር አይጨብጥም» አለች ሸምሲያ። « ኢምፔሪያል አደባባይ አስፋልት ላይ ማሽላ አይበቅልም። ከማሳው ጋር የቀረችው እሷ ናት። ለመሆኑ እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

«አባቴ ነዋ። እጄን ይዞ፣ ጎርፉ ዳር አቁሞ።»

«በቁማቸው?»

«በቁሙ።»

«ታዲያ ሞቱ?»

«አስተግፊሩላህ! ጸጉሬ እስኪሸብት አብሮኝ አረሰ እንጂ!» ያሉትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። «እስቲ ደውዪላት።»

የሀጀር ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «አባየ፣ ደለሉን ጠርጌያለሁ፤ የፈረሰውንም የቦዩን ክትር ጠግኛለሁ። መቼ ከፍቼ መቼ እንደምዘጋው ነው የቸገረኝ።»

«ክትሩን ማን አሳየሽ?»

«በየክረምቱ ከኋላዎ እየቆምኩ እመለከት ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሱብሃነላህ» አሉ በሹክሹክታ። ዕድሜ ልካቸውን ወራሽ ሲፈልጉ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው ወደ ኋላ አላዩም ነበር።

«ስሚኝ ልጄ። የመጀመሪያው ጎርፍ ግንድና ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣ፤ ይለፍ። አረፋው ሲሳሳ ክፈቺ። ውሃው የግራሩን ሥር ሲነካ ዝጊ፤ አትሳሺ። ስመለስ ደግሞ ሽማግሌ ሰብስቤ በቁሜ አወርስሻለሁ። መሬቱ አይቆራረጥ፤ ለወንድምሽ ከእህሉ አካፍዪው።»

የዚህ ውሳኔ ጥቅም ብዙ ነው። ማሳው ለእርሻ እንደበቃ ይኖራል፤ ወንድምና እህት ከለቅሶ ቤት ወደ ፍርድ ቤት አይሄዱም፤ ወራሿ ብትሳሳት አራሚዋ በሕይወት አለ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ ጎርፍ፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ ከአባት አፍ ወደ ልጅ ጆሮ በምታልፍ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ።

«አባየ፣ ይሰማዎታል?» አለች ሀጀር።

ከስልኩ ውስጥ ነጎድጓድ ተንከባለለ። እኛ ያለንበት ግቢ ፀሐይ ነው። አቶ ኢሳ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ቢስሚላህ በዪና ሂጂ። ውሃው ያንቺ ነው።»

ስልኩን ዘጉት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ከጎናቸው ድንጋዩ ላይ አኖሩት።