የሐዘን ጺምና የኤሌክትሪክ መላጫ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጺም እንዲህ እንደ እናንተ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት እየተዞረ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ጺም ምክንያት ነበረው። ሰው ተላጭቶ ሲታይ "ምን ደስታ ተገኘ?" ይባላል፣ ሳይላጭ ሲታይ ደግሞ "ማን ሞተበት?" ይባላል። አንዱ ምላጭ በቤት ውስጥ ላለው ወንድ ሁሉ ይዳረሳል፣ ሲደንዝ በብርጭቆ ውስጥ እየታሸ ይሳላል፣ ከዚያም ጥፍር ይቆረጥበታል። ቆየት ብሎ ነው ያ ክፉ በሽታ መጣና በሬድዮም በቤተ ክርስቲያን ደጅም "ምላጭ አትዋዋሱ" የተባለው። እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ፈሪ ነኝ። ጠንቃቃ ነው በሉኝ ከፈለጋችሁ። እና ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ያልተፈታ ካልሆነ ምላጭ አልነካም።

ታዲያ ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ደርግ ከወደቀ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሞባይል እዚህ ደብረ ታቦር ገና በጥቂት ሰው እጅ በሚታይበት ጊዜ። ደሴ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ቤቱ ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ጉና ተራራ ሥር ነው። ሚስቱ ጥሩወርቅ ሞተችበት። ሰው ሚስቱ ትሞትበታለች፣ ያዝናል፣ ጺሙን ያሳድጋል፣ ያለ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ያን ጺም ባለቤቱ አይነካውም። ታላቅ ዘመድ መጥቶ፣ "በቃህ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር" ብሎ በእጁ ያወርድለታል። ሰውየው ራሱ ምላጭ ካነሳ፣ "አፈሯ ሳይደርቅ ረሳት" ይባላል። ክፉ ስም ነው፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እና የደሴ ታላቅ እኔ ብቻ ነኝ። አባታችንም የሉ፣ አጎቶቻችንም የሉ። እኔ ደግሞ ያን ክረምት በጠና ታምሜ ተነስቼ፣ እጄ ይህን የምታዩትን መንቀጥቀጥ ጀምሮኛል። ውኃ በብርጭቆ ስይዝ ግማሹ ልብሴ ላይ ነው። እና ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልሁ፣ በዚህ እጅ የወንድሜን ጉሮሮ እንዴት አድርጌ እያልሁ፣ ተክሊሉም ተዝካሩም አለፈና ዓመቱ ሞላ፤ ተክሊል አልሁ እንዴ? አርባውም ሰማንያውም ማለቴ ነው። አያችሁ፣ ዛሬም ሳወራው ያቅበዘብዘኛል።

ታዲያ በጥር መጨረሻ የደሴ ልጅ ይርገዱ ከነነጠላዋ አቧራ ለብሳ ከደጄ ቆመች።

"ምነው ልጄ? ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንነም አጎቴ። አባቴን ይላጩልኝ ብዬ ነው።"

"ግቢ እንጂ መጀመሪያ!"

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ቆሎ ሰጠናት፣ አልቀመሰችውም። ለካ ሠርጓ ደርሷል። የባሏ ወገን ሽማግሌዎች ደግሞ፣ "ጺም ባለበት ቤት እልልታ አይባልም፤ አባትሽ ከሐዘን ካልወጣ እኛም አንመጣም" ብለዋል። ሑዳዴ ሊገባ ነው። ሑዳዴ ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፣ እስከ ፋሲካ ደግሞ የሰው ሐሳብ ስንት ጊዜ ይዞራል!

"አይዞሽ፣ ሠርግሽ አይቀርም" አልኋት።

"ሠርጌን አላልሁም" አለች። "ይቅርም። አባቴን ነው። ከበሩ ኋላ ካለው መደብ አይነሳም። ገብሱን በሰው ነው ያሳረስነው። ካናገሩት ይመልሳል፣ ካላናገሩት ዝም ነው። እኔ ከሄድሁ ማን ያናግረዋል? ከመሄዴ በፊት ፊቱን ልየው።"

ምን ትላላችሁ እንዲህ ስትባሉ? እንቅልፍ የት አለ? ነጋልኝ፣ ተነሣሁና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አስማማው ሄድሁ። አስማማው ቀልደኛ ነው፣ ቀብር ላይም ቢሆን ይቀልዳል።

"አስማማው፣ ለጺም የሚሆን፣ ደም የማያወጣ ነገር አለህ?"

"ደም የማያወጣ? አባባ፣ ጸበል ነው እንዴ የሚፈልጉት?"

"እጄን እያየኸው አትቀልድብኝ!"

አየው። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር ከሳጥን አወጣ፣ እንደ ሳሙና ያለ፣ ጫፉ ላይ ወንፊት የመሰለ ብረት ያለበት። ተጫነው፣ ዝዝዝዝ አለ። ሳላስበው ጉንጬ ላይ አሳረፈው። ኧረ የሚገርም ነው! የቆየች ጺሜን፣ የሁለት ሌሊቷን፣ ጠረገልኝ። ደም የለ፣ መቆጥቆጥ የለ።

"ይህ የኤሌክትሪክ መላጫ ነው፣ ሻርጅ ከተደረገ ገመድ አይፈልግም። እጅ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለውም" አለ።

"ምላጩስ?"

"ምላጭ ጥርት ያደርጋል፣ ግን እጅ ይፈልጋል። ይኼ እጅ አይፈልግም፣ መብራት ይፈልጋል። አባባ የትኛው አለዎት?"

"ሁለቱም የለኝም" አልሁት፣ የእግዜር እውነት ነው።

ሳቀ። "ለማን ነው?" አለ። "ለወንድሜ።" "ጺሙ እንዴት ያለ ነው?" "ያው እንደ እኔ ነው፣ የአንድ እናት ልጆች አይደለንም እንዴ!" አልሁት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸ። እሱ ስለ ጺሙ ርዝመት ጠየቀኝ፣ እኔ ስለ ዘራችን መለስሁ። ማሽኑን ገዛሁት። ደግሞ ስንቱን ስጠይቅ! ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ "ውኃ ቢነካው ይገድላል?" አልሁት። ደግሞ ተመለስሁ፣ "ጉና መብረቅ አለበት፣ ይህ መብረቅ አይስብም?" አልሁት። የማይጠየቀውን ሁሉ ጠየቅሁ፣ የሚጠየቀውን ተውሁ። ብቻ ለማናቸውም ብዬ ከነወረቀቱ ያልተፈታ አዲስ ምላጭ ከነመያዣው ገዛሁና ከከረጢቴ ሥር፣ እንዳላየው አድርጌ ቀበርሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ገሳይ በሚሄደው መኪና ተሳፈርሁ። ከረጢቴን ታቅፌያለሁ። ታዲያ ዳገቱን ስንወጣ፣ ዝዝዝዝዝ! ከጭኔ ላይ! ከጎኔ ያለች ሴትዮ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣለች፦

"ንብ! ኧረ ንብ ነው! ቀፎ ይዞ የገባ ሰው አለ፣ ሾፌር አቁም!"

ሾፌሩ አቆመ። ሰው በሰው ላይ ተነሣ። እኔ በዚህ እጄ ከረጢቱን ልፈታ፣ ቋጠሮው እምቢ አለኝ። "ንብ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ መላጫ ነው!" ብዬ ጮህሁ።

"መኪና ላይ ሊላጩ ነው አባባ? ገሳይ እስኪደርሱ አይታገሡም?" አለ ረዳቱ። መኪናው በሙሉ በሳቅ አለቀ። እኔ የት ሳቅ አለኝ! መብራቱ አለቀ ይሆን፣ አላለቀ ይሆን፣ ከደሴ ቤት መብራት የሚባል የለ፣ ይህን እያሰብሁ ከገሳይ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁት። በየመንገዱ እየቆምሁ ጫን አደርገዋለሁ፣ ዝዝ ይላል፣ እፎይ እላለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ "ስፈትነው ጨረስሁት" እያልሁ እጨነቃለሁ።

ስደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ጠብቆኛል። የነፍስ አባቱ ቄስ ምናሴም አሉ። ደሴን ከቤት አውጥተው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ዱካ ላይ፣ በርጩማዋ ላይ፣ አስቀምጠውታል። ልጆቼ፣ አላወቅሁትም። ጺሙ ደረቱን ሞልቶ፣ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረ። ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝሁት።

"አያ፣ ለምን ደከሙ?" አለኝ።

ቄስ ምናሴ ለነፍሷ ጸለዩ፣ አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ። እኔም፣ "በቃህ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር" አልሁና ያን ጥቁር ነገር አወጣሁ። ዝዝዝ ሲል አንዱ ሽማግሌ ወደ ኋላ ሸሸ። "አትፍሩ፣ ደም የማያወጣ ነው" አልሁ፣ እንደ ሐኪም። እና ጉንጩ ላይ አሳረፍሁት።

ዋጠው! ያን ሁሉ ጺም ጎርሶ ግርርር አለና ጭጭ አለ። ደሴ "እማዬ!" ብሎ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ብስበው ጭራሽ ነጨው። ብለቀው አይወድቅም። እዚያው ጉንጩ ላይ እንደ መዥገር ተንጠለጠለ! ለካ ያ መላጫ አጭር ጺም ነው የሚያውቀው፤ የሐዘን ጺም አያውቅ፣ ከየት ያውቃል? የሠራው ሰው እንዲህ ያለ ጺም መች አይቶ!

ማንም አልሳቀም። ኋላ የቆሙት፣ "ሐዘኑ አልወርድም አለ" ሲሉ ሰማሁ። ሌላው ደግሞ፣ "ጥሩወርቅ አልፈቀደች ይሆናል" አለ። ደሴም ሰማ። ፊቱ ሲጠፋ አየሁት፣ ከዚያ ጺም ውስጥ ሆኖ እንኳ ሲጠፋ አየሁት።

"አያ፣ ይተዉት" አለ። "ይቅር።" ሊነሣ ነው፣ ማሽኑን እንዳንጠለጠለ ወደ መደቡ ሊመለስ ነው!

ይርገዱ ናት ያዳነችን። ከቤት ሮጣ በግ የሚሸለትበትን ያን ትልቅ መቀስ ይዛ መጣች። እዚያ አገር በግ እየሸለቱ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያሠራሉ፣ እጇ ለምዷል። "ቁጭ ይበሉ አባቴ፣ ላላቅቅዎት እንጂ ሌላ አልነካም" አለችና ቀጨም ቀጨም አደረገችው። ማሽኑም ወረደ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የደረቱም ጺም አብሮ ወረደ፣ የጉንጩ ቆረን ቆረን ብሎ ቀረ።

እንግዲህ ምላጭ ነው የቀረው። ከከረጢቱ ሥር አወጣሁት፣ ወረቀቱን በሰው ፊት ፈታሁ፣ አዲስ መሆኑን ሁሉም አየ። ፊቱን በሳሙና አሸነው። ምላጩን አነሣሁ። እጄ! እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል። ወደ ጉሮሮው አስጠጋሁት፣ መለስሁት፣ አስጠጋሁት፣ መለስሁት። ያ የአንገት ሥሩ ሲመታ አያለሁ።

ደሴ እጄን አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ።

"አያ፣ እጅዎ ምን ሆነ?"

"ምንም አይደል።"

"እንዴት ምንም አይደል? ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ክረምት ታምሜ ነበር።"

"ታመው ነበር? እኔ ሳልጠይቅዎት? ማን ነገረኝ?"

"አንተ ሐዘን ላይ ነበርህ ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?"

ደሴ እጄን ከነምላጩ በሁለት እጁ ያዘ። "ይስጡኝ" አለ። "እኔ እላጨዋለሁ።"

ሰው አጉረመረመ። "ራሱን በራሱ? ኧረ ነውር ነው፣ ኧረ እንዳይሆን!" እኔም ፈራሁ፣ ነገ ምን ይሉታል ብዬ። ወደ ቄሱ ዞርሁ። ቄስ ምናሴ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉና፦

"አያ ሙሉነህ፣ እጅዎን ከራሱ ላይ ያኑሩ" አሉ። "ጳጳስ ቄስ ሲሾም እጁን ይጭናል እንጂ ይላጫል እንዴ? ታላቅ እጁን ከጫነ፣ ላጪው ታላቅ ነው። ምላጩን ማንም ይያዘው።"

እጄን ከራሱ ላይ ጫንሁ። ይርገዱ መስታወት ያዘች። ደሴ ቀስ እያለ፣ ጉንጩን እየወጠረ፣ መላጨት ጀመረ። የምላጩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማ። እኩል ላይ ሲደርስ ምላጩን ከፍ አደረገና፦

"አያ፣ ኧረ ይርጉ፣ ራሴን እያናወጡት ነው! ሊያሳርዱኝ ነው?"

ያኔ ነው ሰው የፈነዳው! ቄሱ እንኳ በጭራቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ደሴም ሳቀ፣ ሳሙናው አፉ ገባ፣ ተፋው፣ ደግሞ ሳቀ። ጺሙ አልቆ ፊቱ ሲወጣ ከስቶ የአባታችንን ፊት ሆኗል። ይርገዱ መስታወቱን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንኳን መሬቱ ሣር ሆነ እንጂ መስታወቱ አልቆ ነበር።

ሠርጉ በእሑዱ ሆነ። የሙሽራው አባት የተነጨውን ጉንጭ አይተው፣ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ቢሉት፣ "ወንድሜ ነው፣ ስለሚወደኝ በጥርሱ ላጨኝ" አላቸው።

ታዲያ ስመለስ ያን ማሽን፣ "አምጣው፣ ለአስማማው እመልሳለሁ" ብለው አይሆንም አለኝ። ለካ የዋጠውን ጺም አውጥቶለት አጭር ጺም ላይ ሞክሮት ወዶታል። እና ቤቱ መብራት የለ፣ በገበያ ቀን ገሳይ ወርዶ ሻርጅ ያስደርጋል። እስኪሞላለት ምን ያደርጋል? የበግ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሰው ያገኛል፣ ይጫወታል፣ ይጣላል። ከዚያ መደብ እንዲህ ተነሣ። አሁን ማሽኑን ይዞ እዚህ ሲመጣም እኔን የሚላጨኝ እሱ ነው፣ አይታችኋል።

ምን አልህ አንተ? ለእኔ የትኛው ይሻላል? መብራት ሲኖር ማሽኑ፣ መብራት ሲጠፋ ደሴ።

"መብራቱም አጎታችን ደሴም ከሌሉስ አባባ?"

አይ የአንተ ነገር! ያኔማ እኔም የለሁ፤ ጺም ማሳደጉ የእናንተ ተራ ነው። ብቻ አደራ፣ ስታወርዱት መጀመሪያ በመቀስ!