«ሰው የለበትም» ብዬ የጻፍኩት ፓርክ

ልጄ ዮናስ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሦስት ዓመቱ ነበር።

ጋሽ ምንዳዬ ሊያጽናኑኝ እዚህ ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ወዳለችው ክፍላችን መጡ። አገር ቤት ሳሉ የፓርክ ኃላፊ ነበሩ። ስለ ልጄ ምንም አላሉም። ስለ ፓርኩ ያወሩትን እንዳወሩት ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ፓርክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የንጉሡ አደን ነበር፣ የባላባቱ አደን ነበር፣ የፈረንጁ አደን ነበር። ታዲያ ቆርኬው፣ አውሬው ሁሉ ሊያልቅ ነው ተባለና እኛን ሰበሰቡን፣ ካኪ አለበሱን፣ ጠብመንጃ ሰጡን። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያዘኝና «አንተ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። «ቆርኬን» አልኩት። «ቆርኬ ደግሞ ምን አጥፍቶ ታሰረ?» ብሎ ገበያተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ።

እና መጀመሪያ ድንኳን ውስጥ ነበርን፣ ከዚያ ቆርቆሮ ቤት ሠራን፣ ከዚያ መንገድ ጠረግን፣ አንዱ ፓርክ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ወሰኑ ግን በቃል ነበር፤ «ከዚያች ግራር እስከ ወንዙ» ነው፣ በቃ። ታዲያ ደርግ መጣና «ፓርክ የሕዝብ ነው፣ በካርታ ይቀመጥ!» ተባለ። እና ወጥቼ ለካሁ። መቼ ለካሁ? በበጋ! ስማኝ እንግዲህ፣ በበጋ ነው የለካሁት። መኪና የሚገባው በበጋ ነዋ። በበጋ ደግሞ እዚያ የሚኖረው ሰው ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቤቱ ባዶ፣ በረቱ ባዶ፣ አመዱ የቀዘቀዘ። እና እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ሰው የለበትም» ብዬ ጻፍኩ።

ዝናብ ሲጥል ተመለሱ። አገሩ ሰው በሰው ሆነ። ከነሱ አንዱ ቦሩ ይባላል፤ ያኔ ያንተ እኩያ ቢሆን ነው። አማርኛው የገበያ ነው። መጥቶ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጌታው፣ ካርታ ሠራህ አሉ።»

«ሠራሁ።»

«እኔ ከውስጥ ነኝ ወይስ ከውጭ?»

«ከውስጥ ነህ። ግን ይስተካከላል።»

«እኔስ እግር አለኝ፣ ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ። ልጄ ግን ጉብታው ላይ ነው። እሱ አይሄድም።»

ልጁን ቀብሮ ነበር። በነሱ ወግ መቃብር ላይ ድንጋይ ይከመራል፤ አባትየው ከበጋው ግጦሽ በተመለሰ ቁጥር አንድ ድንጋይ ይጨምራል። «ጉብታውን ከመስመሩ አወጣልሃለሁ» አልኩት። «ማል» አለኝ። ማልኩለት።

ታዲያ ካርታውን አስይዘው ወደዚህ ሮማ ላኩኝ፣ የፈረንጅ ባለሙያዎች አይተው ሊያጸድቁት። ከመነሳቴ በፊት አለቃዬ ጠራኝ፣ ጣቱን እንዲህ ቀስሮ፦ «ጓድ ምንዳዬ! ሰው የለም ብለህ ፈርመሃል። እዚያ ሄደህ ሰው አለ ብትል አብዮቱን ዋሽተሃል ማለት ነው!»

አሎራ፣ እንግዲህ ስብሰባው ላይ ካርታው ተዘረጋ። አንዱ ጣሊያን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ደግ ሰው ነው፣ እርሳስ ሰጠኝ። እርሳስ! በእጄ! «ሲኞር ምንዳዬ፣ የምታርመው ነገር አለ? እዚህ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ?» አለኝ። ካርታው ላይ ጉብታዋ ከመስመሩ ወደ ውስጥ የምትርቀው የጥፍር ያህል ነው። እይ፣ ይቺን ታህላለች። ከጎኔ አብሮኝ የተላከው ካድሬ ተቀምጧል። «የለም» አልኩ። «ቫ ቤኔ፣ መልካም» አለና ካርታውን ጠቀለለው።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

ከዚያማ ተመለስኩ። ወታደር መጣ፣ ሕዝቡን አስነሳ፣ ቤቱን አቃጠለ። በዓመቱ ዝናብ ሲጥል ጠባቂዎቼ አንድ ሰው አስረው አመጡልኝ። ቦሩ ነው። በታሰረ እጁ ድንጋይ ይዟል። «ጌታው፣ እነዚህ ሰዎችህ አላወቁኝም፣ ንገራቸው» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» አልኩ። በዚህ አፌ! ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? አልሰደበኝም። ድንጋዩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «እንግዲያው አንተ አድርስልኝ» አለኝ። ቦሩን እስር ቤት ወሰዱት።

«አደረሱለት?»

አላደረስኩም፣ ልጄ። ጠባቂዎቹ ያዩኛል ብዬ። ዛሬ፣ ነገ፣ ስል ሌላ ስብሰባ መጣ፣ ሮማ መጣሁ፣ ድንጋዩ እዚያ ቀረ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ፓርኩ ሰፍቷል አሉ፤ ቆርኬውም ተርፏል አሉ። ይትረፍ፣ ቆርኬው ምን አደረገ። ቦሩ ከእስር ይውጣ አይውጣ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ ከዚያ ወዲህ የጠበቅኩት ነገር የለም።

ጋሽ ምንዳዬ ተነሥተው ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጅህ ያለበት መቃብር ከቲቡርቲና ጣቢያ በአውቶቡስ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በስንት ሰዓት ይከፍታሉ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ፈቃድ ይጠይቃሉ?»

«አይጠይቁም።»

«ድንጋይ ይዞ የመጣንም?»

«ማንንም፣ ጋሼ።»

የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፍልኝ አሉ። ጻፍኩላቸው። ወረቀቷን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ደረጃውን ወረዱ።