አፈሩ የያዘውን የለቀቀበት ፋሲካ

አቶ አናኤሊ ምቢሴ ከአባታቸው ከአቶ ሳንዲላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኒዋኤሊ፣ በሜሩ ተራራ ግርጌ፣ የጠጪውን ሁሉ ጥርስ በሚያበልዘው ምንጫችን አጠገብ ተወለዱ፤ በዚያ ዘመን ነጭ ጥርስ ያለው ሰው ወደ መንደራችን ሲገባ ውሻው ሁሉ በአንድነት ይጮኽበት እንደነበር እዚህ ያለን ሽማግሌዎች ምስክር ነን።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአሩሻ ከተማ በአፈር ምርመራ ሥራ ተቀጥረው፣ አፈር አሽትተው የየትኛው ጎረቤት ማሳ እንደሆነ እስከ መናገር ደርሰው ነበር። ወይዘሮ ንዴሊሊዮን አግብተው ልጃቸውን ኤሊፎሳን ወለዱ፤ ዳሩ ግን በምንጩ ውስጥ ያለው፣ ያው ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የተባለ መርዝ የልጅቱን እግር እንደ ቀስት ስላጎበጠው፣ የልጅ ልጃቸው ናንሲያ ስትወለድ ይህችስ ቀጥ ብላ ትሄዳለች ብለው ማሉ። ከማዶ ኮረብታ ቀይ አፈር አስቆፍረው፣ እንደ ሸክላ ተኩሰው፣ በርሜል ሞልተው ውሃውን በዚያ ቢያሳልፉት፣ አፈሩ ፍሎራይዱን እንደ መዥገር ነክሶ ያስቀር ጀመር። አፈር የያዘውን አይለቅም ብለው ስላወጁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ በርሜል ያልተከለ ሰው ጠፋ።

አንድ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ወይዘሮ ንዴሊሊዮ እንደ አገራችን ወግ የወተቱን ቅል በአመድ ካጠቡ በኋላ፣ በርሜሉስ ለምን ይቅር ብለው የአመድ ውሃ በአፈሩ ላይ አፈሰሱ፤ መንደሩም ተከተላቸው። በበዓሉ ጠዋት አቶ አናኤሊ ቢቀምሱት፣ ውሃው ምላሳቸው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፤ ቢመረምሩትም አፈሩ ለዓመታት ያጠራቀመውን መርዝ በአንድ ጊዜ ሲለቅ አገኙት። ናንሲያ ግን ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ከስብከት በኋላም ከቤተ ክርስቲያኑ በርሜል ለልጆች ውሃ ይታደላል። ሚዳቋ እያረፈች የምትወጣውን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጥተው ሲደርሱ፣ ኩባያው የልጅቱ ከንፈር ላይ ነበር፤ ከእጇ አስጥለው በርሜሉን በእግራቸው ገለበጡት።

ጉባኤው ደንግጦ ሳለ አንዲት አሮጊት፣ «አናኤሊ፣ አፈሩ የያዘውን አይለቅም ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?» ቢሏቸው፣

«እኔ ነኝ፣ እትዬ፤ ተሳስቻለሁ። አመድ ካጠጣነው ይለቃል። ዛሬ የማንም ልጅ ከበርሜል እንዳይጠጣ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የየቤቱን ውሃ እየዞሩ ሲመረምሩ፣ መርዙን የጠገበውንም አፈር በአዲስ ሲያስለውጡ ኖረው፣ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ዐረፉ። አልጋ ላይ ሳሉ ቄሳችንን፣ «ስትቀብሩኝ ‹አፈር ለአፈር› በሉ፤ ‹አመድ ለአመድ› የምትሏትን ግን ተዉልኝ» ብለው ተማጽነዋል። ቄሱም እሺ ብለዋል፤ ብቻ ቃሏ ከልማድ እንዳታመልጣቸው ናንሲያ ከመቃብሩ ራስጌ፣ በእነዚያ ቀጥ ባሉ እግሮቿ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና በርሜሉን ሁሉ ለእኛ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ይህችም ቀይ አፈር እሳቸውን አጥብቃ ትያዝልን፤ የትንሣኤ ቀን ብቻ ትልቀቅ። አሜን።