የአባወራው ሳል

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ልጆቼን አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ግን ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አዳመጥኩ። ከኋላዬ አንድ ተማሪና እዚያው እሱ ትምህርት ቤት የሚማር ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሁለቱም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የታየውን አንድ የቤተሰብ አስቂኝ ፊልም አይተዋል።

«አባባ፣ መምህራችን የታሪኩን ቦታ፣ ባለታሪኮቹንና ጭብጡን ጻፉ ብሎናል። ቦታው አንድ ቤት ነው ብያለሁ።»

«በረት የሌለው ቤት በል። አንድ በግ አላየሁበትም።»

«ባለታሪኮቹ አባት፣ እናትና አራት ልጆች ናቸው።»

«አባትየው ደህና ሰው ነው። እንደ ወጉ ደጅ ላይ እህህ ብሎ ስሎ ይገባል።»

«የሚያስቀው እኮ እሱ ነው! ሲስል ልጆቹ ጨዋታቸውን ትተው አልጋ ሥር ይገባሉ።»

«ምኑ ያስቃል? የእኔዎቹም ሳሌን ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ።»

«ሰው ሁሉ ስቋል፣ አባባ።»

«ልጄም አጠገቤ ሆኖ ሲስቅ ነበር። ዞር ብሎ እኔን ሲያይ አፉን በመዳፉ አፈነ።»

«ምን አሉት?»

«ሳቅ እንጂ፣ አልኩት።»

«ሳቀ?»

«ትእዛዝ መስሎት ብድግ ብሎ ቆሞ ሳቀ።»



«ታዲያ ጭብጡን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እሱን መምህርህን ጠይቅ። እኔ ዛሬ ቤቴ የምገባው እህህ ሳልል ነው። ቤት ያሉት ትንንሾቹ ልጆቼ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።»

የመንገዱ አቧራ ጉሮሮዬን ቢከረክረኝም ሞላሌ እስክንደርስ ድረስ ሳሌን ዋጥኩት።